ለአዲስ ቤት ኮሪደር ምን ያህል መስኮት ይበቃል?

የብሎኬቱ ግንብ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ሲል ግንበኛው ሥራውን ገታ አድርጎ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ "የኮሪደሩ መስኮት ስንት በስንት ይሁን?"

የሳሎኑና የመኝታ ክፍሎቹ መስኮቶች ቀደም ብለው ተወስነዋል። የቤቱ ባለቤት ስለ እነርሱ ከአርክቴክቱ ጋር ተነጋግሯል፣ ከቤተሰቡ ጋር ተከራክሯል፣ የጎረቤቱን ቤት አይቶ ሐሳቡን ቀይሯል። ኮሪደሩን ግን ማንም አላሰበውም። ባለቤቱ በቦታው ካለ ግድግዳውን በዓይኑ ለክቶ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ካለ ደግሞ በስልክ፣ "እንደ መታጠቢያ ቤቱ አድርጉት" ይላል። ጉዳዩ በዚሁ ይዘጋል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከመስኮቱ በላይ የሚያልፈው አርማታ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ልኩን መቀየር የደረቀ ኮንክሪትና ፌሮ መስበርን ይጠይቃል። ቤተሰቡ በዚያች አጭር የስልክ ንግግር የተወሰነውን ልክ ይዞ ምናልባት 30 እና 40 ዓመት ይኖራል፤ በቀትር መብራት እያበራ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ በሚግል መተላለፊያ እየተመላለሰ።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ "ኮሪደር" ሲባል የብዙዎች ሐሳብ የሚሄደው መንገድ ዳር ወደሚካሄደው የከተማ መልሶ ግንባታ ነው። እዚህ የተፈለገው የቃሉ የቆየ ትርጉም ነው፤ ክፍሎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ጠባብ የቤት ውስጥ መተላለፊያ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን "መሮጥ" ከሚል ግስ የተወለደ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ለማመን አይቸገርም።

ቀድሞ ያልነበረ ክፍል

የኮሪደር መስኮት ልክ አከራካሪ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ኮሪደሩ ራሱ በአካባቢው የቤት አሠራር ዘንድ እንግዳ መሆኑ ነው። ክቡ ጎጆ አንድ ክፍል ነው፤ ብርሃኑም አየሩም በበሩ ይገባል፣ ጭሱ በሣሩ ክዳን ውስጥ አልፎ ይወጣል። የሐረር የጀጎል ቤቶች በግቢያቸው ዙሪያ የተሰባሰቡ ናቸው፤ እንግዳ መቀበያው ብርሃኑን በዋናነት የሚያገኘው ወደ ግቢው ከሚከፈተው በር ነው። በኬንያ ጠረፍ ላይ ባለችው በላሙ የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ረጃጅም ጠባብ ክፍሎች አንዱ ከሌላው ኋላ ተደርድረው ከውስጠኛው አደባባይ ብርሃን ይቀባበላሉ። የክፍሎቹን ወርድ የወሰነው ጣሪያውን የሚሸከመው የማንግሮቭ እንጨት ርዝመት ነበር።

በእነዚህ ቤቶች ሁሉ ሰው ከክፍል ወደ ክፍል የሚያልፈው በግቢ፣ በበረንዳ ወይም በሌላ ክፍል በኩል ነው። በመካከል ተዘግቶ የሚቀር፣ ሁለቱም ጎኖቹ በር ብቻ የሆኑ ጨለማ መተላለፊያ አልነበረም። ስለዚህም ከአባት ከአያት የወረደ "የኮሪደር መስኮት ልክ" የለም። ግንበኛው የሚያውቀው የሳሎንና የመታጠቢያ ቤት ልክ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ወስዶ መጠቀሙም አያስደንቅም።

የግንባታ ሕጎችም እምብዛም አይረዱም። በብዙ አገሮች ሕግ ለመኖሪያና ለመኝታ ክፍሎች ዝቅተኛ የመስኮት ስፋት ሲያስቀምጥ መተላለፊያን በዝምታ ያልፈዋል፤ ሰው ስለማይቀመጥበት። በወረቀት ላይ ምንም መስኮት የሌለው ኮሪደር ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። የሚኖሩበት ግን ሰዎች ናቸው።

ከ10 በመቶው መነሳት

በቂ ብርሃን ለማግኘት በሰፊው የሚሠራበት መነሻ የመስኮቱ ስፋት ከወለሉ ስፋት ቢያንስ አንድ አሥረኛ እንዲሆን ነው። ልኩ ለመኖሪያ ክፍሎች የወጣ ቢሆንም ለኮሪደርም ጥሩ መነሻ ይሆናል።

6 ሜትር ርዝመትና 1.20 ሜትር ወርድ ያለው፣ በሁለቱም ጎኖቹ የመኝታና የመታጠቢያ ቤት በሮች የተደረደሩበት ኮሪደር እንውሰድ። በከተማ ቤቶች የተለመደ ዓይነት ነው። ወለሉ 7.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ አሥረኛው 0.72 ካሬ ሜትር ነው። ይህ በትክክል ወርዱ 60፣ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ነው። ወደ ውጭ የሚዋሰነው የኮሪደሩ ጫፍ ግድግዳ 1.20 ሜትር ስለሆነ በመካከሉ በምቾት ይቀመጣል፤ በግራና በቀኝ 30፣ 30 ሴንቲ ሜትር ግንብ ይተርፋል።

ሒሳቡ እዚህ ቢያበቃ ጽሑፉም እዚህ ባበቃ ነበር። ችግሩ ብርሃን በኮሪደር ውስጥ እኩል የማይከፋፈል መሆኑ ነው። ከጎን የሚገባ የቀን ብርሃን ለሥራ በሚያገለግል መጠን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የመስኮቱ ጉበን ከወለል ካለው ከፍታ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ጉበኑ 2.20 ሜትር ላይ ከሆነ ብርሃኑ ከ3.3 እስከ 4.4 ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ከ6 ሜትሩ ኮሪደር የመጨረሻው አንድ ሦስተኛ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ወደ ሳሎን የሚያወጣው በር፣ አንዳንዴም አንድ ደረጃ፣ የሚገኘው እዚያው ጨለማው ጫፍ ላይ ነው።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ መስኮቱን ወደ ጎን ያሰፋሉ። ወርዱ ከ60 ወደ 90 ሲያድግ በመስኮቱ አቅራቢያ ያለው ብርሃን ይጨምራል፤ ሩቁ ጫፍ ግን ብዙም አይጠቀምም። ጥቅሙ ጎላ የሚለው ያንኑ 60 በ120 መስኮት ወደ ላይ ማንሳት ነው። ደፉ ከ1 ሜትር ወደ 1.30፣ ጉበኑ ከ2.20 ወደ 2.50 ሜትር ቢወጣ ብርሃኑ እስከ 5 ሜትር ሊዘልቅ ይችላል። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ መስታወት አልተገዛም። መስታወቱም አልሙኒየሙም ከውጭ በሚገባበትና ዋጋው ከምንዛሬ ጋር በሚወጣ በሚወርድበት ገበያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከፍ ያለው ደፍ ሌላም ስጦታ አለው። የቤቱ ወለል ከግቢው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ ከውጭ ለቆመ ሰው የመስኮቱ ደፍ 1.75 ሜትር ላይ ነው። ከመታጠቢያ ቤት በፎጣ ወደ መኝታ ቤት የሚሻገር ሰው በመንገደኛ ዓይን አይታይም። መጋረጃ አያስፈልግም፤ መጋረጃ የማያስፈልገው መስኮት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያገለግል መስኮት ነው።

የሚያሳውር ብርሃን

ለአንድ መተላለፊያ የሚያስፈልገው ብርሃን ብዙ አይደለም። የአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ ለኮሪደር ያስቀመጠው ልክ 100 ሉክስ ነው። ደመና የሸፈነው የቀን ሰማይ ውጭ ላይ 10 ሺህ ሉክስ ያህል ስለሚሰጥ፣ ከውጭው ብርሃን አንድ በመቶው ወለሉ ላይ ቢደርስ ይበቃል።

ይሁንና ዓይን የሚያየው ልዩነትን ነው። በጨለማ ኮሪደር ጫፍ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ደማቅ መስኮት የዓይን ብሌንን ያጠባል፤ ወለሉም ከእውነተኛው በላይ የጠቆረ ይመስላል። ከፊት የሚመጣው ሰው ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል። ወደ መስኮቱ የሚራመድ ሰው እግሩ ሥር ያለውን የልጅ መጫወቻ፣ የተጣጠፈውን ምንጣፍ፣ አንዷን ደረጃ ላያይ ይችላል።

ለአረጋዊ ሰው ይህ የከበደ ጉዳይ ነው። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ሬቲና ላይ ከሚደርሰው ሲሶ ያህል ነው። ዓይኑ ከደማቅ ወደ ጨለማ ሲሸጋገር ለመላመድም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እናትና አባትን ከገጠር አምጥቶ አብሮ ለመኖር የሚሠራ ቤት በአካባቢው ብዙ ነው፤ በሌሊትና በንጋት ከመኝታ ቤት ወደ መጸዳጃ የሚመላለሱትም እነርሱ ናቸው። የወደቀ አረጋዊ የዳሌ አጥንት ከመስኮት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

መፍትሔው ብርሃኑን ከሁለት አቅጣጫ ማምጣት ነው። ኮሪደሩ በሌላው ጫፉ ሁለተኛ የውጭ ግድግዳ ካለው ዕድለኛ ነው፤ ሁለት ትናንሽ መስኮቶች ከአንድ ትልቅ ይበልጣሉ። አብዛኛው ግን የለውም። ያኔ የሚረዳው ከመኝታ ክፍሎቹ በሮች በላይ የሚገባ መስታወት ነው። በአዲስ አበባና በአሥመራ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ይህ የተለመደ ነበር፤ ኋላ ላይ ጣሪያው ዝቅ እያለ፣ በሩም ተሠርቶ የተዘጋጀ ሆኖ ከገበያ መገዛት ሲጀምር እየቀረ ሄደ። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ሒሳቡ አስደናቂ ነው። ከ80 ሴንቲ ሜትር በር በላይ 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው መስታወት 0.32 ካሬ ሜትር ይሆናል። የሦስት በሮች ሲደመር 0.96 ካሬ ሜትር ነው፤ ከጫፉ መስኮት ይበልጣል። እርግጥ ብርሃኑ በመኝታ ክፍሉ በኩል ዞሮ የመጣ ስለሆነ ይዳከማል። ነገር ግን በኮሪደሩ ርዝመት ተከፋፍሎ የሚገባ ለስላሳ ብርሃን ስለሆነ ጨለማውን ጫፍ ይደርስለታል። በሩ 2.10፣ መስታወቱ 40 ሲሆን ጉበኑ 2.50 ሜትር ላይ ያርፋል፤ ከጫፉ መስኮት ጉበን ጋርም በአንድ መስመር ይገናኛል። አርማታው በአንድ ከፍታ ይሞላል፣ ሠራተኛውም አይሳሳትም።

ከእንቅልፍ ጋር የሚጋጭ ነገር አለው። ሌሊት የኮሪደሩ መብራት ሲበራ ብርሃኑ በዚያው መስታወት ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ ድምፅም እንዲሁ። የማያሳይ መስታወትና ደብዘዝ ያለ የሌሊት መብራት ችግሩን ያቀልሉታል፤ ጨርሰው አያጠፉትም።

የግድግዳው ቀለም ደግሞ እንደ ሌላ መስኮት ሊቆጠር ይገባዋል። ንጹሕ ነጭ ቀለም የሚያርፍበትን ብርሃን 80 በመቶ ገደማ መልሶ ይሰጣል። ጥቁር ቡናማ በሮችና ቆሻሻ እንዳያሳይ ተብሎ በግማሽ ቁመት የሚቀባ ጥቁር ቀለም ግን ብርሃኑን ይውጡታል። መስኮቱን ከማስፋት በፊት ቀለሙን ማሰብ ይረክሳል።

ፀሐይ በየት በኩል ነው?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ይህ ቁጥር ለመስኮት ትልቅ ትርጉም አለው። ከሚያዝያ መጀመሪያ ግድም እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በከተማዋ ሰማይ ሰሜናዊ ክፍል ነው፤ በቀረው የዓመቱ ወቅት በደቡብ በኩል ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ በቀትር ከደቡቡ አድማስ 57 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ትታያለች።

ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረ የኮሪደር መስኮት ፀሐይ የሚያገኘው በበጋ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ማለትም ሙቀት በሚፈለግበት ጊዜ። የሰሜኑ መስኮት ተራው የሚደርሰው በክረምት፣ ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ወቅት ነው። ወጥ የሆነ፣ የማያስቸግር፣ ግን ቀዝቃዛ ብርሃን ይሰጣል። አውሮፓ ወይም አሜሪካ የኖረ ሰው "ሰሜን ፀሐይ አያገኝም" ብሎ ያመጣው ዕውቀት እዚህ በከፊል ብቻ ይሠራል።

ሁለቱንም ጎኖች መቆጣጠር ቀላል ነው፤ ፀሐይዋ ከፍ ያለች ስለሆነች 60 ሴንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ጫፍ በታኅሣሥ ቀትር ከሥሩ 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ግድግዳ ያጠላል፤ በሌሎቹ ወራት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት ግን በጣሪያ ጫፍ አይገታም። ፀሐይዋ ከአድማስ 20 ዲግሪ ላይ ስትሆን፣ ጉበኑ 2.10 ሜትር በሆነ መስኮት የሚገባ ጨረር ወለሉ ላይ 5.8 ሜትር ገደማ ዘልቆ ያርፋል። የ6 ሜትሩን ኮሪደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያጥበዋል ማለት ነው። በመስከረምና በመጋቢት ፀሐይዋ ቀጥ ብላ በምሥራቅ ወጥታ በምዕራብ ስለምትገባ ጨረሩ ኮሪደሩን እንደ ቀስት ይከተለዋል።

በደጋ ከተማ የምሥራቁ ጨረር በረከት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቤቱን ያሞቃል፣ ልጆችን ያነቃቃል። የምዕራቡም ቢሆን በአዲስ አበባ፣ በአሥመራ ወይም በናይሮቢ ይቻላል። በድሬዳዋ፣ በጅቡቲ፣ በካርቱም ወይም በጁባ ግን ወደ ምዕራብ የተከፈተ ትልቅ የኮሪደር መስኮት ከሰዓት በኋላ የተከማቸ ሙቀትን በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍሎቹ በር ያደርሳል፤ ቤተሰቡ ሊተኛ ሲል ግድግዳው ገና ሙቀቱን እየተፋ ነው። በእነዚያ ከተሞች ፕላኑን ገልብጦ ኮሪደሩን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ማዞር፣ ካልተቻለ መስኮቱን ወደ 60 በ60 ማሳነስና ከውጭ በኩል ጥላ ማበጀት ይሻላል።

ቆላም ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ካርቱም ባለ ደረቅና አቧራማ አየር ውስጥ ትንሽ፣ ከፍ ያለና በደንብ የሚዘጋ መስኮት ይመረጣል፤ የሀቡብ አቧራ ሲነሳ እያንዳንዷ ክፍተት ዋጋ ታስከፍላለች። በሞምባሳ፣ በሞቃዲሾና በጅቡቲ ጠረፍ ግን ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው የአየር እንቅስቃሴ ነው፤ እዚያ መስኮቱ ሰፊ፣ ግን ጥላ ያለው መሆን አለበት። የቀይ ባሕር ወደቦች፣ ምጽዋም ሱአኪንም፣ ይህን የፈቱት ከግድግዳው ወጣ ባለ የእንጨት ፍርግርግ መስኮት ነበር፤ ነፋስ ያስገባል፣ ፀሐይን ይሰብራል፣ ከውስጥ ያለውን ሰው አያሳይም።

ከሰል፣ አየርና ትንኝ

ስለ ብርሃን የተባለው ሁሉ የምቾት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። የአየር ጉዳይ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

በብዙ ቤቶች የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ከጓሮ ተነስቶ በኮሪደሩ በኩል ወደ ሳሎን ይገባል፤ ቡና ይፈላበታል፣ በብርድ ወቅት ደግሞ ይሞቁበታል። የከሰል ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በአዲስ አበባ በብርድ ወራት ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎች ሕይወት ማለፉ ተደጋግሞ የሚሰማ ዜና ነው። የሁሉም ክፍሎች በር የሚከፈትበት ኮሪደር መውጫ የሌለው ከሆነ፣ በአንዱ ክፍል የተፈጠረው ጋዝ ወደ ሌሎቹ የሚተላለፍበት ቦይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ፤ የትኛውም ልክ ያለው የኮሪደር መስኮት ከሰል አቀጣጥሎ መተኛትን ደህና አያደርገውም። መስኮቱ የሚረዳው የዕለት ተዕለቱን ጭስ፣ እርጥበትና የታፈነ አየር በማውጣት ነው።

ለዚህ ዋናው ነገር የሚከፈተው ክፍል ነው፤ መስታወቱ ምን ያህል ነው ሳይሆን ምን ያህሉ ይከፈታል? ዛሬ በብዛት የሚገጠመው ተንሸራታች አልሙኒየም የሚከፈተው በግማሹ ብቻ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው መስኮት ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ወደ ውስጥ የሚከፈት መዝጊያ በ1.20 ሜትር ኮሪደር ውስጥ የመተላለፊያውን ግማሽ ይይዛል፤ ጥግ ላይ ግንባሩን የሚመታ ሰውም አይጠፋም። ተስማሚው መስኮቱን ለሁለት መክፈል ነው፦ የታችኛው 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ የሚከፈት ወይም ድፍን፣ የላይኛው 40 ሴንቲ ሜትር ከላይ ታጥፎ ከታች ወደ ውጭ የሚገፋ። የላይኛው ዝናብ እየዘነበም ሊከፈት ይችላል፤ ሞቃት አየርም ጭስም የሚሰበሰበው ከላይ ነው።

ከፍ ያለ ጣሪያና ትልቅ መስኮት ለአየር የሚያደርገውን አስተዋጽኦ በፔሩ ሊማ ሆስፒታሎች የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በቁጥር አሳይቷል። መስኮቶችና በሮች ሲከፈቱ በክፍሎቹ ያለው አየር በመካከለኛ ግምት በሰዓት 28 ጊዜ ይታደስ ነበር፤ በማሽን አየር እንዲያገኙ ለተሠሩ ክፍሎች የተቀመጠው ልክ 12 ነው። የተሻለ ውጤት ያስመዘገቡት ከ1950 በፊት የተገነቡት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለው ሕንፃዎች ነበሩ። ጥናቱ ያተኮረው በሳንባ ነቀርሳ ላይ ነበር፤ በሽታው በምሥራቅ አፍሪካ ቤቶችም እንግዳ አይደለም።

አየር ግን ብቻውን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በኢትዮጵያ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባ በመሆኗ "ወባ የገጠር ነው" የሚለውን ግምት አፍርሳለች። በድሬዳዋ በ2022 ለተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝም ስሟ ተነስቷል። በቆላ ከተሞች የኮሪደሩ መስኮት ወንፊት ሊኖረው ይገባል፤ ምክንያቱም ምሽት ላይ ሁሉም በር ወደ እርሱ ነው የሚከፈተው። ወንፊት የአየሩን ፍሰት በጉልህ ይቀንሳል። ስለሆነም ወንፊት የሚደረግለት መስኮት ከመጀመሪያው ሰፋ ተደርጎ ሊታሰብ ይገባል፤ በ60 ፋንታ 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ መስጠት አይበዛበትም።

ጎረቤት፣ ሌባና ልጅ

በከተማ ቦታው ጠባብ ነው፤ የኮሪደሩ ጫፍም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከጎረቤት አጥር አጠገብ ነው። በአጥሩ ላይ የተደገፈ ግድግዳ መስኮት ሊከፈትበት አይገባም። ርቀት ቢኖርም ጎረቤቱ ነገ ፎቅ ሊሠራ ይችላል፤ ዛሬ ሰማይ የሚያየው መስኮት በሁለት ዓመት ውስጥ ብሎኬት ያያል። ከአጥሩ ማዶ ባዶ ቦታ ካለ መስኮቱን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ጥቂት ሰማይ ለማትረፍ ይረዳል። ፕላን ከጸደቀ በኋላ መስኮት መጨመር ወይም ማዛወር እንደገና ማስፈቀድን ሊጠይቅ እንደሚችልም ማስታወስ ያሻል።

ከጎን ምንም መክፈት ካልተቻለ የሚቀረው ጣሪያ ነው። ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቅ አገር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትውል፣ ከላይ የሚገባ ብርሃን እጅግ ብርቱ ነው፤ ሙቀቱም እንዲሁ። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቀዳዳ፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቆርቆሮ፣ በኮርኒሱ ላይ የማያሳይ መስታወት ተደርጎበት፣ የኮሪደሩን መሃል ሊያበራ ይችላል። የአዲስ አበባ በረዶ ግን ቀጭን ፕላስቲክን አይምርም፤ ጠርዙ በደንብ ካልታሸገም በክረምት ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ይታያል።

በመስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ መግጠም በአካባቢው እንደ ግዴታ ነው። ፍርግርጉ ከውጭ ከሆነ መዝጊያው ወደ ውጭ አይከፈትም፤ ይህ ቀላል ግጭት የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተሠርተው ከመጡ በኋላ ነው። ፍርግርጉን ወደ ውስጥ ማድረግ ችግሩን ይፈታል፤ መዝጊያውን ለመግፋት እጅ ማስገቢያ መተው ግን መዘንጋት የለበትም። በብረቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ10 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ የሕፃን ጭንቅላት አያልፍም። ፎቅ ባለው ቤት ላይ ደግሞ ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት፣ ቁልፉም ሁሉም የሚያውቀው ቦታ የሚቀመጥ መሆን አለበት። እሳት ደረጃውን ከያዘ የኮሪደሩ መስኮት የመጨረሻው መውጫ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ ሰው የሚያሳልፍ ወርድ ያስፈልገዋል፣ ደፉም በቀላሉ የሚወጣበት መሆን አለበት። ለምድር ቤቱ የተመረጠው ከፍ ያለ መስኮት እዚህ ላይ አይሆንም። በየፎቁ ልኩ ቢለያይ ነውር የለውም።

እስከ ወለል የሚወርድ መስታወት በመጽሔት ፎቶ ያምራል። ልጆች በሚሮጡበት ጠባብ መተላለፊያ ጫፍ ላይ ግን አደገኛ ነው። ከወለል 80 ሴንቲ ሜትር በታች መስታወት የሚገባ ከሆነ ሲሰበር ወደ ትናንሽ ደነዝ ፍሬዎች የሚበተን ጠንካራ መስታወት ሊሆን ይገባል።

"60 ሲባል የቱ 60?"

ልኩ ከተመረጠ በኋላም የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። ግንበኛው 60 ሴንቲ ሜትር ክፍት ትቶ ከገነባ፣ ልስኑ ከየጎኑ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲወስድ 56 ይቀራል። የአልሙኒየም ሠራተኛው በፕላኑ መሠረት 60 ሠርቶ ይመጣል። ከዚያ ወይ ልስኑ ይፈረካከሳል፣ ወይ መስኮቱ ተመልሶ ይቆረጣል። ስለዚህ ስለ ልክ ሲነገር ከልስን በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ተለይቶ መነገር አለበት፤ መስኮቱ የሚታዘዘውም ልስኑ ደርቆ እንደገና ከተለካ በኋላ ነው።

የተለመደው ብሎኬት 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ልኩ ከ20 ብዜት ጋር ሲቀራረብ ግንበኛው ብሎኬት እየሰበረ አያባክንም፤ 60 በ120 አንድ ተኩል ብሎኬት በስድስት ረድፍ መሆኑም ለዚህ ይመቻል። በረድፎቹ መካከል የሚገባው ማያያዣ ቁመቱን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሚያሳድገው ለልስኑ የሚሆን ቦታም በዚያው ይገኛል።

ከመወሰን በፊት በቦታው መሞከር ይቻላል። ጣሪያ ባይኖርም ግንቡ ደፍ ከፍታ ላይ ሲደርስ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ቆርጦ በታሰበበት ቦታና ከፍታ ማቆም፣ ከዚያም ከኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ከግቢውና ከጎረቤት በኩል መመልከት ብዙ ያስረዳል። ከውጭ አገር ሆኖ የሚያስገነባ ሰው ያንኑ ጠዋት 2 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንዲቀርጹለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ፀሐይዋ የምትገባበትን አቅጣጫ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውን፣ መንገደኛው የሚያየውንም በዓይኑ ያያል። አርማታው እስኪሞላ ድረስ አንድ ረድፍ ብሎኬት ማንሳትም ሆነ መጨመር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።